እናቴን በስፖንጅ ሠራኋት፣ ተቆጣችኝ፦ ስለ አሰብ የአሻንጉሊት ቲያትር ምክር ፈልጌ ነው

የአሰቧ
ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

የተወለድኩት አሰብ ነው፤ ካምቦ ሱዳን። አባቴ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። በ1990 ሚያዝያ መጨረሻ ባድመ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ባድመ የት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ወደቡ ጭር አለ፣ የአባቴም ሥራ ቆመ። ወጣን። በእነዚያ ዓመታት ከኤርትራ የወጣው ኢትዮጵያዊ 70 ሺህ ያህል ነው ይባላል። ኤርትራዊ ናችሁ ተብሎ ከኢትዮጵያ የተባረረው ደግሞ 75 ሺህ ያህል። እኛ ቤት የሚቆጠረው ግን አንድ ሰው ነው። አክስቴ። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ኤርትራዊ አግብታ ስለነበር እዚያው ቀረች።

እናቴ ስለዚያ ሌሊት አታወራም። አጎቴ ያወራል፤ ግን በየበዓሉ ታሪኩ ይቀያየራል። አንዴ በቦቴ ጋቢና ነው የወጣነው፣ አንዴ በእግራችን ነው። እናቴ "ውሸታም" ትለውና ጓዳ ትገባለች።

ይህንን በአሻንጉሊት ቲያትር ልሠራው ጀምሬያለሁ። ለቴሌቪዥን ወይ ለአዳራሽ አይደለም። እናቴና የድሮ ጎረቤቶቿ አሰብ የጀመሩትን የማርያም ማኅበር ዛሬም አዲስ አበባ ይጠጣሉ። ከአሥራ ሁለቱ አምስት ቀርተዋል። ለእነሱ ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ 25 ደቂቃ።

ሦስት አሻንጉሊቶች አሉኝ፤ እናት፣ ልጅ፣ አክስት። በረሃውን ያሻገረን አፋር ደግሞ መጋረጃ ላይ በጥላ ብቻ ይታያል። አሁን ችግሮቼ። ጭንቅላታቸውን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ሠርቼ በጣም ከበዱ፣ አንገታቸው ይወድቃል። የአክስቴን ፊት መሥራት አልቻልኩም፣ ቤታችን ውስጥ አንድም ፎቶዋ የለም። ከዚያ ደግሞ የአጎቴና የእናቴ ነገር አለ፤ የማንን ታሪክ ልያዝ?

አንድ ነገር ላይ ግን እርግጠኛ ነኝ። በወጣንበት ሌሊት የነዳጅ ማጣሪያው እሳት ይታይ ነበር። ብርቱካናማ። እናቴ ፊት ላይ ሲጫወት አሁንም ይታየኛል። ቲያትሩ የሚጀምረው በዚያ እሳት ነው።

ቅጠል ሻይ
አሻንጉሊት የሕፃን አይደል እንዴ? ለእነዚያ እናቶች ቀጭኔዋን ፀሐይን ልታሳያቸው ነው?

መጋረጃ
ቅጠል ሻይ፣ ቀጭኔዋን አትንካብን። ልጆቼን ፊደል ያስቆጠረች እሷ ናት። ግን ልክ ነህ፣ እኛ አገር አሻንጉሊት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ልጅ ነው። ሌላው ዓለም እንዲያ አይደለም።

የአሰቧ፣ ቲያትር ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ልበልሽ። ደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ምስክር ሲሰማ፣ ሃንድስፕሪንግ የሚባለው የኬፕታውን አሻንጉሊት ቡድን በ1997 እንደ ፈረንጅ አንድ ሥራ ሠራ። የምስክሮቹን ቃል የሚናገሩት ከእንጨት የተጠረቡ አሻንጉሊቶች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጇ የተገደለባትን እናት ተዋናይት ብትጫወታት፣ ተመልካቹ ተዋናይቷን ያያል፤ "እንዴት አድርጋ አለቀሰች!" ይላል። እንጨት ግን አያስመስልም። ከኋላው የያዙት ሰዎችም አይደበቁም። ቃሉ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉም እያየ ነው የሚሰማው። ላንቺም የሚሠራው ይሄ ነው። እናትሽን ለመሆን አትሞክሪም፤ እናትሽን ትይዣታለሽ።

ስለ ክብደቱ፣ ጋዜጣውን ተይው። የፍራሽ ስፖንጅ ቁረጪና በቀጭን ጨርቅ አልብሺው። አንገቱን በቀርከሃ። ደግሞ ጃፓኖች ቡንራኩ የሚሉት አላቸው፤ አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ዋናው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን። በድሮው ልማድ እግር ብቻ ይዞ አሥር ዓመት መቆየት ነበር ይባላል። አንቺ አሥር ዓመት የለሽም፣ ስለዚህ እግሩን ተይውና ቀሚስ አልብሺያት።

መጀመሪያ የምትለማመዱት ደግሞ መተንፈስ ነው። ንግግር የለም፣ መራመድ የለም። ደረቷ ከፍ፣ ዝቅ። አምስት ደቂቃ እንዲሁ ተንፍሱላት። ያልተነፈሰ አሻንጉሊት ሲራመድ የተጎተተ ዕቃ ነው የሚመስለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
አማልን ያየ አለ? ሦስት ሜትር ተኩል የምትረዝም የሶሪያ ስደተኛ ልጅ አሻንጉሊት ናት። መጋረጃ፣ አንተ ያልካቸው የሃንድስፕሪንግ ሰዎች ናቸው የሠሯት። በ2021 እንደ ፈረንጅ ከቱርክ ጋዚያንቴፕ ተነሥታ እንግሊዝ ማንቸስተር ድረስ ሄደች፤ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2023 ደግሞ እኛ ዘንድ ዋሺንግተን መጣች። ልጄን ይዤ ሄድኩ። እኔ ሱዳን በኩል የወጣሁ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብላ ሰው ስታይ… ተውት። ልጄ "አባዬ ለምን ታለቅሳለህ፣ ፕላስቲክ እኮ ናት" አለኝ።

የአሰቧ
መጋረጃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ስፖንጅ ገዝቼ እናቴን እንደገና ሠራኋት። በጣም ቀለለች። እናቴ ግን አየቻትና "እኔ እንዲህ ተጎሳቁዬ አላውቅም!" ብላ ተቆጣች። "ጉንጬ የት አለ?" ሁለት እፍኝ ስፖንጅ ጨመርኩ።

ረስቼ ያልጻፍኩት። በ2010 ሐምሌ ስልኩ ሲከፈት ሰው ሁሉ አስመራ በዘፈቀደ እየደወለ ያገኘውን ሰው "እንዴት ናችሁ?" ይል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛም በሰው በሰው አክስቴን አገኘናት። እናቴ ያወራቻት ምናልባት አራት ደቂቃ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬና ዛላምበሳ ሲከፈቱ እናቴ ስጦታ ገዛች፤ ነጠላ፣ በርበሬ፣ ለልጆቹ ጫማ። ሻንጣው ተዘጋጀ። ከዚያ "እግሬን አመመኝ" ብላ ቀረች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። ጫማዎቹ አሁንም ቁም ሣጥን ላይ ናቸው።

ቦቴ ነጂው
ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙም አልጽፍም። የልጄ ልጅ ነው ያሳየኝ። 19 ዓመት የአሰብ መስመር ነድቻለሁ። መጀመሪያ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው፣ በኋላ ቦቴ።

መንገዱን ልንገርሽ፣ ለቲያትርሽ ይሆንሻል። ኮምቦልቻ ላይ ብርድ ነው፣ ኮት ለብሰሽ ትነሻለሽ። ባቲ ኮቱን ታወልቂያለሽ። ሚሌ ሸሚዙን። ከዚያ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። እዚያ ስትደርሺ ሁላችንም በሽርጥ ነን፤ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ፈታሹም። ከቡሬ አሰብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀን አንነዳም ነበር፣ ጎማ ይፈነዳል። ሌሊት ቁልቁል ስትወርጂ መጀመሪያ ባሕሩ ይሸትሻል፣ ቆይቶ ነው መብራቱ የሚታየው።

ከተማው ስትገቢ ደግሞ ሰው ሁሉ ውጭ ነው የሚተኛው። ጠፍር አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጎን ለጎን። አማርኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛ፣ አረብኛ፣ ሁሉም ከአልጋው ላይ ሆኖ ይጫወታል። በሰኔና በሐምሌ ቤት ውስጥ የሚተኛ እብድ ነው። ስለዚህ አልጋሽን ቤት ውስጥ ካስገባሽው አሰብ አይደለም፣ ደሴ ነው።

አሁን የማያስደስትሽን ልበል። ያ እሳት አልነበረም። ማጣሪያውን በጃንሆይ ጊዜ ሶቪየቶች ናቸው የረዱት፣ እኔ ከደጁ ስንቴ ወረፋ ይዤ አድሬያለሁ። ሥራ ያቆመው ግን በ1997 እንደ ፈረንጅ ነው። ጦርነቱ የመጣው በዓመቱ። እናንተ ስትወጡ እሳቱ ጠፍቶ ነበር። ልጅ ስለነበርሽ ነው፣ የቀደመውን አምጥተሽ ለጥፈሽበት ይሆናል።

አንድ ሽርጥ አለኝ፣ የድሮ። ለአሻንጉሊቱ ልብስ ቢሆንሽ ቁረጪው።

አንበሳው77
እሳት ምናምን ትላላችሁ፤ ወደቡ የማን እንደሆነ ነው መነጋገር ያለብን! ታሪክ ይመስክር፣ የጣሊያን ኩባንያ በ1869 እንደ ፈረንጅ ከአፋር ሱልጣኖች ገዝቶ…

አወያይ
አንበሳው77፣ የወደብ ክርክር የራሱ ክር አለው፤ 340 ምላሽ ላይ ደርሷል፣ እዚያ ያገናኘን። እዚህ ስለ አሻንጉሊት ነው። የቀረውን አጥፍቼዋለሁ።

የዱብቲ ልጅ
አንበሳው ሳያስበው አንድ ነገር ተናገረ፤ "ከአፋር ሱልጣኖች" አለ። ባለቤቱ እዚያ ላይ ነው የጠፋው። ይኸው ቲያትሩም ላይ ጠፋ።

እህቴ አትቀየሚኝ። እናትሽ ፊት አላት። አንቺ ፊት አለሽ። አክስትሽ ፊቷ እየተፈለገ ነው። ያሻገራችሁ አፋር ግን ጥላ ብቻ ነው። ለምን? እኛ እኮ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ ተብለን ሦስት ቦታ ነን። እናንተ ድንበሩን አንድ ጊዜ ነው የተሻገራችሁት። እኛ ግመላችን ውኃ ፍለጋ በሄደ ቁጥር ነው የምንሻገረው። የእኔ አያት እህት አሰብ ነው የተቀበረችው፤ እኛ ለቀብሯ አልደረስንም።

ይህንን ለመውቀስ ብቻ አልጻፍኩም። ዳጉን ታውቂያለሽ? ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ከማን እንደሰማኸው ሁሉ ትናገራለህ። ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ሞተ፣ ማን በየት አለፈ። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ይዋረዳል። የእናትሽና የአጎትሽን ክርክር ለዚህ ሰውዬ ስጪው። እሱ ነው ማን በቦቴ፣ ማን በእግር እንደወጣ የሚያውቀው።

የአሰቧ
የዱብቲ ልጅ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጥላ ያደረግኩት አራተኛ አሻንጉሊት መሥራት ደክሞኝ ነው። ሰበብ ደግሞ ፈጠርኩለት፣ "ምሥጢራዊ ይሆናል" ብዬ። እሠራዋለሁ። የጋሼም ሽርጥ ለእሱ ይሆናል። በዳጉው የምትረዳኝ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ጋሼ ቦቴ ነጂው፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ እሳቱ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ሌላው ሁሉ ቢጠፋብኝ እሱ አይጠፋኝም ነበር። ሙቀቱ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

አምቼው
ይህንን ክር ለሳምንት በዝምታ ሳነብ ነበር።

እኔ የሌላው ወገን ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ በ1990 ክረምት በ12 ዓመቴ ከአባቴ ጋር የተባረርኩ። አምቼ ነን። ለማያውቅ ሰው፣ አምቼ አዲስ አበባ ያለ የፊያትና የኢቬኮ መኪና መገጣጠሚያ ነው። ዕቃው ከውጭ ይመጣል፣ የሚገጠመው ኢትዮጵያ ነው። እኛንም እንዲያ አሉን። አስመራ ስንደርስ በአማርኛችን ይሳቅብን ነበር፣ ቀልዱን እኛም ተቀበልነው።

እኛን በአውቶቡስ ቡሬ ነው ያወረዱን። ከዚያ በእግር፣ ከዚያ አሰብ። አሰብ ጥቂት ቀን ቆየን። አባቴ ውኃ ፍለጋ ይዞኝ ካምቦ ሱዳን ገባ። ጋሼ ስለ አልጋዎቹ ሲጽፉ እጄ ተንቀጠቀጠ። ምክንያቱም አልጋዎቹ ውጭ ነበሩ። ጠፍር አልጋዎች፣ ጎን ለጎን፣ ደጅ ላይ። በሮቹ ተዘግተዋል። ሰው የለም። አንዱ አልጋ ላይ የልጅ ነጠላ ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ። እኔ በልጅነቴ ሰዎቹ ባሕር ሊዋኙ ሄደው የሚመለሱ መስሎኝ "አንንካባቸው" አልኩት። አባቴ ምንም አላለኝም። ከአልጋዎቹ በአንዱ ላይ ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ።

የአሰቧ፣ ጫማው ያንቺ ነው እያልኩ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ብዙ ነበር። ግን ከፈለግሽው ውሰጂው።

ቅጠል ሻይ
የመጀመሪያ አስተያየቴን ማጥፋት ይቻላል? አወያይ?

መጋረጃ
ይቆይ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነበር።

አምቼው፣ አልጋዎቹን አንተ ነህ የሰጠኸን። የአሰቧ፣ መድረክሽ ሳሎን ስለሆነ ሌላ ጌጥ አያስፈልግሽም። ከጫማ ሣጥን ክዳንና ከሲባጎ አምስት ትንንሽ ጠፍር አልጋ ሥሪ። መጀመሪያ ላይ አሻንጉሊቶቹ ተኝተውባቸው ይተነፍሳሉ። መጨረሻ ላይ አልጋዎቹ ብቻ ይቀራሉ።

ስለ እሳቱ። አትጣይው። ጋሼ ትክክል ናቸው፣ አንቺም አልዋሸሽም። ልጅቷ "እሳቱ ይታየኛል" ትበል። ሌላው "እሳት የለም፣ ማጣሪያው ከተዘጋ ዓመቱ ነው" ይበላት። ሁለቱም ይቁሙ፣ አንቺ አትፍረጂ። እሳቱን በጥላ ሥሪው። ቱርኮች የጥላ አሻንጉሊታቸውን ከግመል ቆዳ ነው የሚሠሩት፤ ፍቀው ፍቀው ብርሃን እስኪያሳልፍ። እኛ ደግሞ ብራና አለን! ተወጥሮ በደንብ የተፋቀ የፍየል ብራና ከኋላው መብራት ብታደርጊበት የማር ቀለም ይሰጥሻል። ከጨርቅ መጋረጃ በብዙ ይሻላል። እንጦጦ አካባቢ ብራና የሚፍቁ አባቶች አታጪም።

ግን አንድ ነገር። እናትሽን ጠይቀሻታል?

የአሰቧ
ጠየቅኳት። ትናንት። እስካሁን እጄ ልክ አይደለም፣ ስሕተት ካለ ይቅርታ።

ቡና እያፈላች ነበር። እንደ ቀልድ "እማዬ፣ አንድ ሰውዬ ማጣሪያው ያኔ ተዘግቶ ነበር አለኝ" አልኳት። "አዎ፣ ተዘግቶ ነበር" አለች። በቃ፣ እንዲህ በቀላሉ። "ታዲያ እሳቱ?" አልኳት። ዝም አለች። ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና የራሷን አሻንጉሊት ከሶፋው ላይ አነሣች። እስከዚያ ነክታት አታውቅም። እጇን በጀርባዋ አስገባች።

"እጇ ባዶ ነው" አለች። "ያን ሌሊት እጄ ባዶ አልነበረም።"

ከዚያ በአሻንጉሊቷ እጅ ከሻይ ትሪው ላይ የስኳር ፓኬት አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ምድጃው ማሳየት ጀመረች። አንድ። ሁለት። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ሰባት ስትደርስ አቆመች።

ሰባት ፎቶ ነበር። የአክስቴ የሠርግ ፎቶ። ባሏ የቀድሞ ታጋይ ነው፤ ሠርጉ ላይ ከነወታደር ልብሳቸው የመጡ ጓደኞቹ ነበሩ። እናቴ በፍተሻው "የሻዕቢያ ዘመድ ነሽ" ብለው እንዳይለዩን ፈራች። በማንኛቸው ፍተሻ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ግቢያችን ውስጥ የውኃ በርሜል ነበር፣ እሱ ውስጥ ጋዝ አርከፍክፋ አቃጠለቻቸው። እኔ ከአልጋዬ ላይ ነቅቼ ሳያት ነበር ማለት ነው።

"በ2010 ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "'የሠርጌ ፎቶዎች አሉሽ? የእኔ በጎርፍ ተበላሽቶብኛል' አለችኝ። 'አሉ' አልኳት። 'ስመጣ አመጣልሻለሁ' አልኳት።"

እግሯን አላመማትም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ወይኔ።

የዱብቲ ልጅ
እናትሽን ሳሚልኝ።

አምቼው
አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ምንም አልልም።

መጋረጃ
የቲያትሩን መጀመሪያ አትቀይሪ። እሳቱ ይቅደም። ምን እንደሆነ ተመልካቹም እንዳንቺ ዘግይቶ ይወቅ። ግን እናትሽ እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ በጎረቤቶቿ ፊት ይህ እንዲታይ ትፈቅዳለች ወይ? ካልፈቀደች ባዶ ብራና አብሪና እዚያው ላይ አቁሚ።

የአሰቧ
እሱን ጠይቄያታለሁ። "አያለሁ" ነው መልሷ። እኛ ቤት "አያለሁ" ማለት እምቢም እሺም አይደለም።

አንድ ነገር ግን አለ። ያንኑ ማታ ፊት የሌላትን የአክስቴን ጭንቅላት አንሥታ "ይሄ እንዲህ አይቀመጥም" አለችና ወደ መኝታ ቤቷ ይዛት ገባች። መቀስና ሙጫ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፣ አልመለሰችልኝም። ትናንት በበሩ ቀዳዳ ሳይ አፍንጫው ላይ ናት። አጎቴ መጥቶ "ከዚህ ይረዝም ነበር" ሲላት ሰማሁ። "ውሸታም" አለችው፤ ግን ጓዳ አልገባችም።

ቦቴ ነጂው
ልጄ፣ በእሳቱ ጉዳይ በጣም ደፍሬ ተናገርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ማኅበሩ መቼ ነው? ሽርጡ ታጥቦ ተቀምጧል።

የአሰቧ
ምን አጠፉ ጋሼ! በ21 ነው፣ ከሰዓት። ሽርጡን እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ። ጠላም አለ።